በእሱ ልክ

ይህን ስነግራችሁ የሚስቅ አይጠፋም። ይሳቅ። የሆነው ግን በእኔው ጋራዥ፣ በእኔው ዓይን ፊት ነው።

ጨለማም አልነበረም። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት፣ ፀሐይዋ የጣራውን ቆርቆሮ የምታግልበት ሰዓት ነው።

የመኪና ኤሌክትሪሺያን ነኝ። ያን ቀን ታናሽ እህቴ የሟች ባሏን አሮጌ መኪና ይዛ መጣች። ፊቷ አመድ መስሏል።

"ወንድምዬ፣ ይሄ ወንበር ሊገድለኝ ነው።"

"ምን አደረገሽ?"

"እየነዳሁ... በራሱ ወደ ኋላ ይሄዳል። ዛሬ ጠዋት እዚህ ደጅህ ያለው ቁልቁለት ላይ እግሬ ፍሬኑን አጣው። ልጆቹን ትምህርት ቤት ሳደርስ ነበር፤ ከኋላ ነበሩ። ለጥቂት ነው የተረፍነው።"

የሾፌሩ ወንበር በሞተር የሚሠራ ነው። በጎኑ ያለውን ቁልፍ ሲጫኑት ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይሄዳል። በአሮጌ መኪና እንዲህ ያለ ብልሽት ብርቅ አይደለም። አንድም ቁልፉ ተጣብቋል፣ አንድም ገመዱ ተልጦ ተነካክቷል።

"ለዚህ ነው እንዴ እንዲህ የሆንሽው? ቁጭ በይ፣ አሁን እጨርስልሻለሁ" አልኳት።

ቁልፉን ፈታሁት። ንጹሕ ነው።

ገመዱን ከወንበሩ ሥር እየተከተልኩ አየሁ። አንድም የተላጠ ቦታ የለም።

ወንበሩን በእህቴ ልክ ወደ ፊት አመጣሁና ለወንበሩ ኤሌክትሪክ የሚያሳልፈውን ፊውዝ ነቀልኩ። ከዚያ ገብቼ ተቀመጥኩበት። ወንበር ባዶውን አይፈተሽም፤ አመሉን የሚያወጣው ሰው ሲቀመጥበት ነው።

ዝም...

ከዚያ ከሥሬ የሞተሩ ድምፅ መጣ። ዝዝዝ...

ፊውዙ እኮ እጄ ላይ ነው።

ወንበሩ ይዞኝ ወደ ኋላ ሄደ። መደገፊያው ትንሽ ጋደም አለና ቆመ። እኔም ሆንኩ እህቴ ቁመት አልተቸረንም፤ እግሬ ከፍሬኑ ርቆ ቀረ።

እህቴ በመስኮቱ ጎንበስ ብላ አየችኝ።

"ሁሌም እዚያው ላይ ነው የሚቆመው" አለች በሹክሹክታ።

"እዚያው የት?"

"በእሱ ልክ።"

ባሏን ቀውላላው ነበር የምንለው። እሱ እያለ እህቴ መሪ ጨብጣ አታውቅም ነበር። "ይቺን መኪና ከእኔ በቀር ማንም አይነዳትም" ይል ነበር። እኛም እንስቅ ነበር። መንጃ ፈቃድ ያወጣችው ከቀበርነው በኋላ ነው።

ፈራሁ። ለእሷ ግን አልነገርኳትም።

የወንበሩን ሞተር ራሱን ነቅዬ አወጣሁት። ወንበሩን በእጄ ገፍቼ በእህቴ ልክ አመጣሁና በወፍራም ብሎን ከወለሉ ጋር አሰርኩት። ነቀነቅኩት፤ ንቅንቅ አይልም።

"አሁን ዝሆንም አይገፋውም" አልኳት። "ነይ፣ ግቢው ውስጥ አንዴ ዙሪበትና እዪው።"

ስለ ወንበሩ እንጂ ስለሚቀመጥበት አላሰብኩም ነበር።

ገብታ በሩን ዘጋች። መኪናዋን አስነሳች። እኔ መስኮቱ ጋ ቆሜያለሁ።

"እንዴት ነው?"

"አልተንቀሳቀሰም" አለች። "ግን..."

"ግን ምን?"

"ጠበበኝ።"

"ምን ይጠብሻል? ልክሽ እኮ ነው።"

ደረቷ መሪው ላይ ተጣብቋል። ወደ ኋላ መደገፍ አልቻለችም። ከጀርባዋ ግን ባዶ ቦታ ይታየኛል።

"ከኋላዬ ነው የጠበበኝ" አለች ቀስ ብላ። "ወንድምዬ... አውጣኝ።"

በሩን ሳብኩት። እምቢ አለ። በመስኮቱ እጄን ሰደድኩላት፤ በሁለት እጇ አንቃ ያዘችው። እጇ በረዶ ሆኗል።

ያኔ የውስጡ ስፖኪዮ ሲንቀሳቀስ አየሁ።

ስፖኪዮው ሞተር የለውም። በእጅ ነው የሚስተካከለው።

ቀስ እያለ ወደ ላይ ቀና አለ... ደግሞ ቀና አለ... ቆመ። ረጅም ሰው ከመንዳቱ በፊት እንደሚያስተካክለው።

"እግሬን..." አለች እህቴ። "እግሬን ከፍሬኑ ላይ አነሳው።"

መኪናዋ ተንቀሳቀሰች። የግቢው በር ክፍት ነው። ከበሩ ውጪ ያ ቁልቁለት አለ።

እጄን እንደያዘች አብሬያት ሮጥኩ። ሁለቱም እጆቿ እኔ ጋ ነበሩ።

መሪው ግን ወደ ቁልቁለቱ ዞረ።