ከዘፈኑ መጨረሻ ያለችው ሳቅ

«ስሚ! እንግሊዝ አገር አንደኛ ወጥተሻል!» የክፍል ጓደኛዋ ዓዲላ ስልኳን ሃኒ አፍንጫ ሥር ደቀነችው። «ወላሂ፣ ከላይሽ ማንም የለም!»

ሃኒ ፈገግ ለማለት ሞከረች። ዘፈኑ የአንዲት እንግሊዛዊት ነው። መሐል ላይ ግን ዘፋኟ ዝም ትልና ቃል የሌለው የልጃገረድ እንጉርጉሮ ይገባል። መጨረሻው ላይ ትንሽዬ ሳቅ አለች። እንጉርጉሮውን ቲክቶክ ላይ የለቀቀችው ሃኒ ናት። እንግሊዛዊቷ «ድምፅሽን ልጠቀምበት?» ብላ ስትጽፍላት «እሺ» አለች፤ ድምፁ የእህቷ የየዝና መሆኑን ግን አልነገረቻትም። ለማንም አልተናገረችም።

የዝና ልብስ እያጠበች ነበር ያንጎራጎረችው። ሃኒ ተደብቃ ስትቀዳት የዝና አየቻትና ሳቀች። ባለፈው ክረምት የዝናን ወባ ወሰዳት። ሙት ዓመቷ እስኪወጣ እቤታቸው ሬዲዮ አይከፈትም፤ እናታቸው ጥቁር ነጠላ አልብሰውታል።

«አርብ በሚኒ ሚዲያ ታንጎራጉሪልናለሽ» አለች ዓዲላ።

«ጉሮሮዬን አሞኛል።»

«ዝነኛ ሲኮን ጉሮሮ ያማል እንዴ? እንዳታሳፍሪኝ!»

አመሻሽ ላይ ሃኒ ወደ ቤት ስትገባ የሰፈራቸው ልጅ የሙዐዊያ ባጃጅ ዘፈኑን እያስጮኸ ከኋላዋ መጣ። እናቷ ሳይሰሙ ቀድማ ለመድረስ ሮጠች። እናቷ ግን በሩ ላይ ቆመው ይጠብቁ ነበር። ሙዐዊያ አጠገባቸው ሲደርስ ባጃጁን አቆመና ድምፁን ከፍ አደረገው። እንጉርጉሮው መጣ። ሳቋ ስትከተል የእናቷ ከንፈር አብሮ ተንቀሳቀሰ።

«ነገም በዚህ እለፍ፣ ልጄ።»

«ኢንሻአላህ፣ እማማ።»

ሃኒ ቦርሳዋን እንዳቀፈች ደርቃ ቀረች። «እማዬ... ድምፁን አውቀውታል?»

«የወለድኩት ድምፅ ይጠፋኛል?» እናቷ ዓይናቸውን ከመንገዱ አላነሱም። «ሬዲዮ አልከፈትኩም። መንገደኛውን ግን አልከለክልም። ይሄ ልጅ ሲጠይቁት ‹የሃኒ ድምፅ ነው› ይላል። ሰው ሁሉ ይሰማታል፣ ስሟን የሚያነሳላት የለም።»

ያን ምሽት ሁሉ ለሃኒ የየዝና ሳቅ ከጓሮው፣ ከልብስ ማጠቢያው ሳፋ በኩል የምትመጣ መሰላት።

አርብ ዕለት ዓዲላ ዘፈኑን በትምህርት ቤቱ ድምፅ ማጉያ ለቀቀች። ሳቋ በግቢው ላይ ተበትና ስታልቅ ማይኩን ለሃኒ ሰጠቻት። «በይ ጀምሪ!» አለች በሹክሹክታ።

ሃኒ አላንጎራጎረችም።

«ይሄ የኔ ድምፅ አይደለም» አለች። «የእህቴ ነው። የዝና ትባላለች።»

ዓዲላ አፏን እንደከፈተች አየቻት።

ሃኒ ማይኩን አልመለሰችላትም። «ከመጀመሪያው ክፈቺው» አለቻት።