ያልታየው ዓርብ

ማክሰኞ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ከሩብ ላይ፣ የግድቡ ጠባቂ እህት የረጠበ አንሶላ ይዛ በሩ ላይ ቆመች።

በኮረብቶቹ መሃል ያለችው ትንሽ የአፈር ግድብ የሃያ ስድስት ዓመት ዕድሜ አላት። የመጀመሪያው ጠባቂ አባታቸው ነበር። ከግርጌዋ ቀጭን ውሃ ይወጣል፤ እህቱ የጤና ጣቢያውን አንሶላ የምታጥበው እዚያ ነው።

«ወንድምዓለም፣ እየው እስቲ፤ ነጩ ቡኒ ሆነ። ውሃው ከትናንት ጀምሮ ደፍርሷል።»

«ሳሙናሽን ቀይሪ» አላት፣ ከወንበሩ ሳይነሳ።

«ቀልድህን ተውና ውረድ። አባባ ‹ኩል መስሎ እስከወጣ አትፍሩ፤ ከደፈረሰ ግን አፈሯን ከውስጥ እየበላ ነው› ይል አልነበር?»

«አባባ ጥላውንም ይፈራ ነበር። ሂጂ፣ እመጣለሁ።»

የጠባቂው ሥራ በየጠዋቱ ሁለት መቶ አሥር ደረጃ ወርዶ፣ ውሃውን በጠርሙስ ቀድቶ፣ በብርሃን አይቶ መመዝገብ ነበር። እሱ ግን ጉልበቱን ካመመው ወዲህ ሰኞ ሰኞ ተቀምጦ የሳምንቱን ሁሉ አንድ ጊዜ ይሞላል፤ ሰባት ጊዜ «ንጹሕ»።

እህቱ ከወረደች በኋላ መዝገቡን ሊዘጋ ሲል ዓይኑ ዓርብ ላይ አረፈ። ገና ያልመጣው ዓርብ «ንጹሕ» ተብሎ ተጽፏል። ከወንበሩ ተነሳ። ጠርሙሱን ፈለገ፤ ሸረሪት አድርቶበታል። ጥሎት እያነከሰ ወረደ።

ደረጃው እኩሌታ ላይ ሲደርስ፣ ጠጠር ከጆንያ ሲገለበጥ የሚሰማ ዓይነት ድምፅ ሰማ። ያ ቀጭን ውሃ የሰው ጭን አክሏል፤ ጭቃ እየተፋ ነው። እህቱ አንሶላዎቹን ከድንጋዩ ላይ ትሰበስባለች።

«ተዪው! ወደ ላይ ውጪ!»

«የሰው ዕቃ እኮ ነው! ሁለት ብቻ ቀረኝ!»

«አንሶላው ገደል ይግባ! ውጪ አልኩሽ!»

ቀና ብላ አየችው። ወዲያው የግድቡ ግርጌ ተናደ። ጠባቂው ካለበት ደረጃ በታች አንድም ደረጃ አልቀረም።

አደራ የተቀበላችሁ ሁሉ፣ ያላያችሁትን አትጻፉ። በእጁ የሚሠራ ሰው «ተለውጧል» ሲላችሁ ተነሡና እዩ። ፍርሃት ነውር አይደለም፤ አባትየው ሃያ ዓመት የፈራው ሰው እንዳይሞት ነበር።

ጠባቂው መዝገቡን ሳይሰርዝ ሳይደልዝ ለአለቃው ወስዶ፣ «ያላየሁትን የጻፍኩ እኔ ነኝ» ብሎ አስረከበ። እህቱ ሐሙስ ማታ ተገኘች። የተቀበረችው ዓርብ ነው።