በእርቁ ገበታ ላይ የቀረው ጥቁረት

ሁለቱ ነገሥታት በአንድ ወንዝ ወሰን ሰባት ዓመት ከተፋጁ በኋላ፣ በስምንተኛው ዓመት፣ ዝናብ ሊገባ ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ እርቅ ሊያወርዱ ተስማሙ፤ ውሉ የሚፈረምበት ገበታም ከወዲህ ማዶ አንድ፣ ከወዲያ ማዶ አንድ፣ በሁለት ሳንቃ ተጋጥሞ እንዲሠራ ታዘዘ።

ሳንቃዎቹን በመላጊያ ልጎ ያለሰለሰው አናጢ፣ ቀለም የማጠጣቱን ሥራ ለታላቅ እህቱ ተወላት፤ በዚያ ከተማ የተላገ እንጨት ቀለምን እኩል እንዲጠጣ ማድረግ የምታውቅ እሷ ብቻ ነበረችና። አንድያ ልጇ በወዲያኛው ጦር ከተማረከ ሦስት ዓመቱ ነው፤ ምርኮኞች የሚለቀቁት ደግሞ ፊርማው ባረፈ ዕለት ነው።

የንጉሡ እልፍኝ አስከልካይ ራሱ መጥቶ አስጠነቀቃት።

«እናቴ፣ የእነሱ ሳንቃ ከእኛው ጠቁሮ ከታየ አበጋዛቸው ‹ናቁኝ› ብሎ ይነሣብናል። ያን ጊዜ እርቁም ምርኮኛውም ቀረ ማለት ነው። ይጠንቀቁ።»

«አይስጉ ጌታዬ» አለች፤ «ለእርቁ ባልል ለልጄ ስል አላበላሸውም።»

ሥራው ግን ቀላል አልነበረም፤ በተሞከረ ጊዜ የወዲያኛው ሳንቃ ቀለሙን ምጥጥ ሲያደርገው የወዲህኛው እንቢ አለ። ስለዚህ ሁለቱንም በእርጥብ ጨርቅ አበሰች፤ ሲደርቁ ወንድሟ የሻከረውን ዳግመኛ በስሱ ላገላት፤ ቀለሙንም አቅጥና አንዴ፣ ሁለቴ አጠጣች። ሕጓ አንድ ነበር፤ ቀለም የተነከረው ጨርቅ መጋጠሚያው ላይ አርፎ፣ ሁለቱን ሳንቃ እኩል ይዞ፣ ከራስጌ እስከ ግርጌ ሳይቆም መሄድ አለበት፤ እጅ ከቆመ ቀለሙ እዚያው ይጠቁራል፣ የጠቆረም አይመለስም።

በፊርማው ዕለት ማለዳ የመጨረሻውን እያጠጣች እኩሌታው ላይ ስትደርስ፣ የምርኮኞች ስም ወደሚነበብበት የወንዝ ዳር ሄዳ የነበረችው ምራቷ መጥታ በሩ ላይ ቆመች።

«እማዬ…» አለች፤ «ስሙ የለም። አብረውት የታሰሩት ቃል ላኩብኝ፤ አምና በንዳድ ሞቷል አሉ።»

የእናትየው እጅ ቆመ። ወይ ሞት፣ ምን አለ ትንሽ ቢታገሥ!

አናጢው ደንግጦ «እህት ዓለም፣ በቃ ተይው፤ እኔ ልጨርሰው» አላት።

«እጅ ከተለወጠ ቀለሙም ይለወጣል» አለች፤ «የእኔስ ቀረ፤ የሰው ልጅ ይግባ እንጂ።»

እንባዋ ሳንቃው ላይ እንዳይወርድ ፊቷን ወደ ጎን መልሳ ጨርቁን እስከ ግርጌ ወሰደችው። መሬት ላይ ቁጭ ብላ ያለቀሰችው ከዚያ በኋላ ነው።

ከቀትር በኋላ የወዲያኛው አበጋዝ ገበታውን ሲመረምር መሐል ላይ ያለውን ጥቁረት አየ፤ እልፍኝ አስከልካዩም ክው አለ። አበጋዙ ጎንበስ ብሎ በጣቱ ለካ፤ ሦስት ጣት በአንደኛው ሳንቃ፣ ሦስት ጣት በሌላኛው።

«እኩል ነው» አለና ተቀምጦ ፈረመ። በዚያ ዕለት ስልሳ አራት ምርኮኞች ወንዙን ተሻግረው ወደ እናቶቻቸው ገቡ።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ የሁለቱ አገር ዜና መዋዕል ጸሐፊዎች በዚያ ጥቁረት ተከራከሩ፤ የወዲህኞቹ «የእነሱ አበጋዝ እጁ ተንቀጥቅጦ ቀለም ደፋ» ብለው ሲጽፉ፣ የወዲያኞቹ «የደፋውስ የእናንተው ነው» ብለው መለሱ። አይ ሊቃውንት! ወደ አናጢው ቤት የሄዱት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ አሮጊቷን ቀለሙ ከምን እንደሚሠራ ጠየቋት፤ ነገረቻቸው፤ እሱንም አስተካክለው ጻፉ። የልጇን ስም ግን የጠየቃት አልነበረም።