ፍሬ የሌለው ጽድ

«ይሄ ቀይ ቀለም ደግሞ ምንድነው?» አሉ የትምህርት ቤቱ ግቢ ጽዳት ሠራተኛ ጋሼ ባምላኩ፣ መጥረጊያቸውን ቀለም የተቀባው ጽድ ግንድ ላይ አስደግፈው።

«ይቆረጣል ማለት ነው ጋሼ» አለች ጸሎት። «አዲሱ ክፍል እዚህ ነው የሚሠራው። አገር በቀል ዛፍ አይነካም፤ የውጭው ግን ይቆረጣል ተብሏል።»

«ታዲያ ይሄን የውጭ ያደረገው ማነው?»

እሷው ናት። የባዮሎጂ ክበብ ዛፎቹን ሲመዘግብ ይሄ ጽድ ለእሷ ደረሳት። የሀበሻ ጽድ አተር የምታህል ሰማያዊ ፍሬ አለው፤ የፈረንጁ ፍሬ ድቡልቡል ሆኖ እንደ እንጨት ይጠነክራል። ይሄኛው ላይ ግን አንድም ፍሬ ጠፋ። ጓደኛዋ ሄቨን ደግሞ «ነይ በቃ፣ የታክሲው ሰልፍ ሳይረዝም!» እያለች ጨቀጨቀቻት። ጸሎት ከአጥሩ ጥግ፣ ከሌላ ዛፍ ሥር ድቡልቡል ደረቅ ፍሬ አነሳችና «የፈረንጅ ጽድ» ብላ ደብተሯ ላይ ለጠፈች። ቲቸር ሰብሌ ያንን ደብተር ለክፍሉ አሳይተው «ሥራ ማለት እንዲህ ነው» አሉ። በሳምንቱ የክበቡ መሪ አደረጓት።

«ፍሬው ጠንካራ ስለሆነ የፈረንጅ ነው» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

«የምን ፍሬ? ሃያ ሁለት ዓመት ሥሩን ስጠርግ አንድ ፍሬ አላፈስኩም!» ጋሼ ባምላኩ ቅርንጫፉን ነቅነቅ ሲያደርጉት መዳፋቸው ላይ ቢጫ ብናኝ ረገፈ። «የሀበሻ ጽድ ወንድና ሴት አለው ልጄ። ይሄ ወንዱ ነው፤ ፍሬ ከየት ያምጣ? የፈረንጁ ቢሆንማ ጠርጌም አልዘልቀው።»

ጸሎት ቀና ብላ ዛፉን አየችው። ያን ቀን ጠጋ ብላ እሳቸውን ብትጠይቅ ኖሮ!

የግቢው በር ተንኳኳ። መጋዝ የያዙ ሁለት ሰዎች ገቡ።

«ሩጪ፣ ለአስተማሪሽ ንገሪ» አሉ ጋሼ ባምላኩ። «ተሳስቼ ነው በያቸው፤ ማንም አይቆጣሽም።»

ቲቸር ሰብሌን ከርዕሰ መምህሩ ጋር ቢሮ በር ላይ አገኘቻቸው። «ዛፉ እንዳይቆረጥ! የሀበሻ ጽድ ነው፤ ወንዱ ነው። ጋሼ ባምላኩን ይጠይቋቸው!»

ርዕሰ መምህሩ ሰዎቹን ለማስቆም ፈጠን ብለው ወጡ። ቲቸር ሰብሌ ግን ባሉበት ቆሙ።

«ፍሬውን ለጥፈሽ አይቻለሁ እኮ። ተሳስተሽ ነው አይደል የኔ ልጅ?»

አዎ ብትል እዚያው ያልቅ ነበር። ዛፉ እንደሆነ ተርፏል።

«አይ ቲቸር» አለች ጸሎት። «ከሌላ ዛፍ ሥር ነው ያነሳሁት። እያወቅኩ።»