ከገደሉ ሥር የቀሩ ጫማዎች

መስከረም ሃያ ስድስት ቀን፣ ሐሙስ፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ከሃያ ላይ ትርንጎ በእትዬ ዘነቡ የእንግዳ ቤት ደጃፍ ተቀምጣ የጫማዋን ክር ታስር ነበር። መንደሩ በላስታ ተራሮች በአንዱ ትከሻ ላይ የተንጠለጠለ፣ ከሃያ የማይበልጡ የድንጋይ ቤቶች ያሉት ነው፤ በየገደሉ የተፈለፈሉትን የዋሻ አብያተ ክርስቲያናት በእግሩ ሊሳለም የሚመጣ ሁሉ እዚያ ያድራል፣ መንገድ መሪም ከዚያው ያገኛል። ወንድሟ መኳንንት ሦስት ዓመት በተከታታይ ከደሴ እየመጣ እዚችው ደጃፍ ላይ ጫማውን አስሯል። በአራተኛው ዓመት፣ አምና ልክ በዚህ ቀን፣ ከገደል ወድቆ ሞተ። አስከሬኑ ደሴ የገባው ባዶ እግሩን ነበር። እናታቸው ዓመቱን ሙሉ ያለቀሰችው ከሞቱ ይልቅ ለዚያ ይመስል ነበር፤ «ልጄን ባዶ እግሩን ሰደዱብኝ» ትላለች።

ትርንጎ ጫማውን ላመጣ ነው ብላ ነው ከቤት የወጣችው። የመጣችው ግን ያን ቀን መንገድ ለመራው ለደርበው ነው።

እትዬ ዘነቡ አንድ ብርጭቆ ሻይ አምጥታ አጠገቧ አስቀመጠች። «ደርበው ወደዚያ መውጣት ከተወ እኮ ዓመቱ ነው» አለች፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ምን ብትዪው ነው እሺ ያለሽ?»

«ምንም አላልኩትም። እሱ ነው የለመነኝ።»

ደርበው ከግንቡ ጥግ ብቅ አለ፤ ትከሻው ሰፊ፣ ከእሷ አንድ ክንድ የሚረዝም ሰው። ቀኝ መዳፉ በጨርቅ ተጠቅልሏል። እግሩ ላይ ያለው ቡናማ የቆዳ ጫማ ልክ የመኳንንትን ይመስላል። ዓይኗ እዚያ ላይ ሲቀር አይቶ፣ «እሱ ነው የሰጠኝ፣ እታለም» አላት። «ለራሱም ለእኔም በየቁጥራችን ከአንድ ሱቅ ገዝቶ። አሁን እንግዲህ እኩል እንራመዳለን ብሎ ሲያሾፍብኝ ነበር።»

መንገዱ መጀመሪያ በገብስ ማሳ መሀል ያልፋል፣ ከዚያ በአስታ ቁጥቋጦ ውስጥ ይገባል። ከታች ከሸለቆው የተነሣው ጉም ቀስ እያለ እንደሚሞላ ውኃ ከኋላቸው ይከተላቸው ነበር፤ መጀመሪያ የመንደሩን ጣሪያ፣ ቀጥሎ የውሾቹን ጩኸት፣ በመጨረሻ የራሳቸውን ኮቴ ዋጠ። እንጨት ተሸክማ የምትወርድ አንዲት ሴት ደርበውን ስታይ ከመንገዱ ወጥታ፣ ፊቷን ወደ ቁጥቋጦው አዙራ እስኪያልፉ ቆመች። ትንሽ ቆይቶ ከላይ፣ ከጉሙ ውስጥ፣ የድንጋይ ደወል አንድ ጊዜ ተመታ።

«የዋሻው ካህን አባ ወልደ ሐና ናቸው?» አለች ትርንጎ።

«አባ ለዓይናቸው ሕክምና ወርደዋል። ሳምንት ሆናቸው።»

«ታዲያ ማነው የሚደውለው?»

ደርበው የተጠቀለለ እጁን ብብቱ ውስጥ ሸጎጠ።

ገደሉ ድንገት ነው ፊታቸው የቆመው፤ ጥቁር፣ እርጥብ፣ አናቱ የማይታይ። ወደ ዋሻው የሚያስወጣው የበሬ ቆዳ ጠፍር ከላይ ካለ የወይራ ግንድ ታስሮ ይወርዳል፤ ሽታው ከሩቅ ያፍናል፣ የእርጥብ ቆዳና የብዙ ሰው ላብ ሽታ። ነፋስ አልነበረም። ጠፍሩ ግን አንድ ሰው አሁን ለቆት እንደሄደ ወዲያና ወዲህ ይል ነበር።

ከሥሩ፣ ዝናብ በማይደርስበት የድንጋይ ከንፈር ላይ፣ አንድ ጥንድ ቡናማ ጫማ ተቀምጧል። ትርንጎ ልትጠጋ ስትል ደርበው መንገዷን ዘጋ።

«መጀመሪያ ወጉን ስሚ። እዚህ ማንም ጫማውን ሳያወልቅ አይወጣም፤ ሲወርድም ራሱ ነው የሚያነሣው። ሳይወርድ የቀረ እንደሆነ ጫማው እንደተቀመጠ ሥጋ ዘመዱን ይጠብቃል። ዘመድ አንሥቶ 'ወርዷል' ሲል ባለቤቱ ይወርዳል፤ ካነሣው ሰው ጋር እቤቱ ድረስ ይሄዳል፣ እዚያም ያርፋል።»

«ስሙን መጥራት አለብኝ?»

«ስም አይጠራም። ጫማው ነው የሚያወርደው።» እግሯ ሥር ሊንበረከክ ምንም አልቀረው። «አንሺውና ውሰጂው፣ እታለም። ዓመት ሙሉ በጣሪያዬ ላይ ባዶ እግር ይሄዳል። ልጆቼ አጠገቤ አይተኙም። ይሄ እጄ…» ጨርቁን ፈታው። መዳፉ ላይ ጠፍሩ የላጠው ቦይ ትናንት የቆሰለ ይመስል ቀይ ነበር፤ ሽታውም የዚያው የእርጥብ ቆዳ ነበር።

«አባባልህን አልረሳሁትም» አለች ትርንጎ። «'ቋጠሮውን ራሱ አላልቶ አስሮት ነው' ነበር ያልከው። ለፖሊስ፣ ለአባ፣ ለእናቴም።»

ደርበው ጨርቁን መልሶ መዳፉ ላይ ጠቀለለ።

«ቋጠሮው ደህና ነበር» አለ። «እኔ ላይ ሆኜ እየሳብኩት ስልኬ ጠራ። በአንድ እጅ የምችል መሰለኝ።»

ትርንጎ ይህን ስትሰማ እጮሃለሁ፣ አንቀዋለሁ ብላ ዓመት ሙሉ ተዘጋጅታ ነበር። አሁን ግን ውስጧ እንደ ድንጋዩ ቀዘቀዘ። ከላይ፣ ከዋሻው አፍ በኩል፣ ባዶ እግር በድንጋይ ላይ ሲራመድ ሰማች፤ ሁለት እርምጃ፣ ከዚያ ዝምታ፣ እንደሚጠብቅ ሰው። ደርበውም ሰምቷል።

«ለእኔ ነገርከኝ» አለችው። «አሁን ውጣና ለእሱ ንገረው። ይቅር ካለህ ስትወርድ አነሣዋለሁ።»

«ባልወርድስ?»

«እሱም እንዲህ ብሎ ሳይጠይቅህ አይቀርም።»

ደርበው ተቀምጦ ጫማውን አወለቀ፤ ከመኳንንት ጫማ ጎን አስተካክሎ አስቀመጠው። ትርንጎ ፊቷን ወደ ገደሉ አድርጋ ስታይ ነበር፤ የወንድሟ በግራ ነው፣ ብላ በልቧ ያዘች። ሰውየው ጠፍሩን ወገቡ ላይ አዙሮ አሰረ፣ ሁለት ጊዜ ጎትቶ ፈተነው፣ ግድግዳው ላይ ካሉት የእግር ማስገቢያዎች የመጀመሪያውን ረገጠ። ሁለተኛውን መርገጥ አላስፈለገውም። ጠፍሩ ተወጠረና ከመሬት አነሣው፤ በሰከነ፣ ሥራውን በሚያውቅ እጅ፣ ክንድ በክንድ።

«እየሳበኝ ነው» አለ ደርበው ከጉሙ ውስጥ፤ ድምፁ የሚያስጠነቅቅ እንጂ የሚጮህ አልነበረም። «እታለም፣ ጫማውን…»

ሌላ ምንም አልተሰማም። አልወደቀም። ቆይቶ ጠፍሩ ብቻውን እየተንሸራተተ ወረደ፤ ቋጠሮው እንደታሰረ ነበር፣ በመሀሉ ግን ሰው አልነበረም።

ጠፍሩን ልታይ ከጫማዎቹ አልፋ የቆመችው ትርንጎ ጀርባዋን ለገደሉ ሰጥታ፣ ወደመጣችበት መንገድ ዞራ፣ ጉሙ ክንዷን እስከ ክርኗ በሸፈነበት ድንጋይ ላይ በዳበሳ ጎንበስ አለችና የግራውን ጥንድ አነሣች። ውስጡ ሞቃት ነበር። ዓመት ሙሉ በብርድ የከረመ ጫማ እንዲህ ሲሞቅ ወንድሟ ደረሰልኝ ብላ እንባዋ መጣ። «ወርዷል» አለች። ሳታየው በነጠላዋ ጠቀለለችው።

ቁልቁለቱን ስትወርድ ባዶ እግር ከኋላዋ ይመጣ ነበር፤ ከባድ፣ የሚያነክስ። «ቀስ በል፣ ደርሰናል» ትለዋለች እየሣቀች። መንደር ስትገባ ስለ ደርበው ለሚጠይቃት ሁሉ የምትናገረውን ውሸት አሰናድታ ነበር፤ ግን ማንም አልጠየቃትም። እትዬ ዘነቡ ሁለት ብርጭቆ ሻይ ቀድታ፣ ከትርንጎ ትከሻ በላይ ወደ በሩ እያየች፣ «ግቡ እንጂ፣ ምን አስቆማችሁ?» አለች።

ደሴ ቤታቸው፣ ጥቅሉን ከአልጋዋ ሥር አኖረችው፤ እናቷን «አርባ ቀን ሳይሞላው አይፈታም» ብላ ከለከለቻት። ባዶ እግሩም ገባ። ማምሻ ማምሻውን ከበሩ ተነሥቶ አልጋዋ ጎን ድረስ ይመጣና ይቆማል። ትርንጎ ስፍራ ትለቅለትና ደርበውን እንዴት እንዳናዘዘችው፣ እንደማይወርድ እያወቀች እንዴት እንደሰደደችው፣ ቋጠሮው ባዶውን ሲወርድ እንዴት ደስ እንዳላት አንድ ሳታስቀር ታወራለታለች። ዘጠኝ ምሽት ሙሉ ቆሞ ሰማት። በየምሽቱ የእርጥብ ቆዳ ሽታው እየቀረባት ሄደ።

በዐሥረኛው ቀን ትርንጎ አልተነሣችም። ሐኪሙ ልቧ ነው አለ፤ በወገቧ ዙሪያ ስለነበረው የጠፍር ሰምበር ምንም አልጻፈም። ከቀብር መልስ እናቷ ጥቅሉን ፈትታ የልጄን ጫማ ላጽዳ ብላ ገለበጠችው፤ ሶሉ ላይ አርባ ሦስት ይላል፣ መኳንንት የሚያደርገው አርባ ቁጥር ነበር።