ዘሀራን ከኋላ ያየኋት ምሽት

ስለ ጂኒና ስለ መንፈስ ወሬ ሲጀመር ሻዬን ጨርሼ የምነሳ ሰው ነኝ፣ እኔ የማምነው በከብት ነው፣ ጸጉሬ የሸበተው መርሳ ገበያ በሬ ስሸጥ ስገዛ ነው። በአንድ በሬ ሁለት ሰው «የኔ ነው» ብሎ ከተጣላ ሽማግሎቹ እኔን ይጠሩኛል፣ ቀንዱን አላይ፣ ምልክቱን አላይ፣ ከፊቴ ይነዱልኝና አካሄዱን ከኋላ አያለሁ፣ አንዴ በእጄ ያለፈ ከሆነ ደረቴ ሞቅ ይላል፣ በቃ።

ጦርነቱ የደረሰ ጊዜ ባለቤቴ ዘሀራ ልጆቹን ይዛ ወደ ደሴ ሸሸች፣ እኔ ከብቶቹን ብዬ ቀረሁ። ስልክ የለ፣ መብራት የለ፣ ጎረቤት የለ፣ እመነኝ፣ ከበሬ ጋር ማውራት ጀምሬ ነበር፣ እሱም ሰልችቶት ፊቱን አዞረብኝ።

አንድ ቀን መግሪብ ሰግጄ ስነሳ ከጓሮ የነጠላ ጫማ ኮሽታ ሰማሁ፣ ቀጥሎ ባዶ ጀሪካን ከድንጋይ ሲጋጭ። በበሩ ስንጥቅ ባይ ዘሀራ ናት፣ ጀርባዋን ሰጥታኝ ወደ በረቱ ትሄዳለች፣ ደረቴ ሞቀ፣ ወላሂ እንደዚያ ሞቆ አያውቅም።

«ዘሀራ! ልጆቹስ?»

«ደህና ናቸው፣ በሩን ዝጋ» አለችኝ ሳትዞር።

ከፍቼ ስወጣ ሰው የለም፣ በሬዎቹ ግን ሁሉም ወደ አንድ ጥግ አፍጥጠዋል።

መንገድ ሲከፈት ዘሀራ ከልጆቹ ጋር ተመለሰች፣ የሆነውን ነገርኳት። «እኔ? ከደሴ በምን መጥቼ፣ በክንፍ?» ብላ ሳቀች። ሳቁ የሷ ነው፣ ፊቱም የሷ ነው፣ ደረቴ ግን ዝም። ውሃ ልትቀዳ ስትወጣ ተከትዬ አካሄዷን አየሁ።

«ምነው፣ ገበያ ልታወጣኝ ነው?» አለችኝ። ደረቴ አሁንም ዝም።

ወልድያ ስለ ሰው አእምሮ የሚያስተምር የወንድሜ ልጅ አለ፣ ለሱ አወራሁት።

«አጎቴ፣ የሚለየው ደረትዎ ሳይሆን ጭንቅላትዎ ነው» አለኝ፣ «ሰው ያየውን ሲለይ፣ እርግጠኛ ሲሆንና ሲጠራጠር የጭንቅላቱ ሥራ ይለያያል፣ ግን ተሳስቶም እርግጠኛ ይሆናል።»

«እሺ፣ የተሳሳትኩት በየትኛዋ ነው? በዚያችኛዋ ነው በዚችኛዋ?»

ሻዩን ማማሰል ጀመረ፣ ስኳሩ ከሟሟ ቆይቷል።

ዘሀራ ደግ ሚስት ናት፣ ልጆቹም እቅፏ ውስጥ ይተኛሉ፣ እኔ ብቻ ነኝ አጠገቧ ተቀምጬ የምትናፍቀኝ። መግሪብ ሲደርስ በሩን ቆልፌ ቁልፉን ለሷ እሰጣታለሁ። «ማን እንዳይገባብን ነው?» ትለኛለች። መግባቱን ማን ፈራ፣ ያችኛዋ ከውጭ ከጠራችኝ ተነስቼ እንደምከተላት እርግጠኛ ነኝ።