የወተቱ ነገር

«ባክቴሪያው ዓይን የለው፣ ጆሮ የለው፤ ታዲያ የሰው ሴል ውስጥ መግባቱን በምን ያውቃል?»

ሥርጉት ወረቀቷን ይዛ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብላለች። ነገ ዘጠነኛ ክፍል ፊት የምታቀርበውን ባዮሎጂ እናቷ ላይ እየተለማመደች ነው።

«እኔ ምኑን አውቄ» አለች በለጡ ከብርድ ልብሱ ውስጥ። ታይፎይድ ከያዛት ሳምንት ሊሆናት ነው። ኪኒን ከጀመረች አራት ቀን ቢሆናትም ትኩሳቱ አልለቃት ብሏል።

«በካልሲየም! ከሴሉ ውጭ ካልሲየም ብዙ ነው፤ ውስጥ ግን ትንሽ። አንዳንዱ ባክቴሪያ ካልሲየሙ ሲቀንስበት ‹አሃ፣ ገብቻለሁ› ብሎ ሥራውን ይጀምራል።»

«አቤት ተንኮሉ!» በለጡ በደረቀ ከንፈሯ ፈገግ ልትል ሞከረች። ልጅቷን አንጀቷን በላቻት።

ሥርጉት የማታውን ኪኒን ልታወጣ ፓኮውን ስትከፍት የታጠፈው መመሪያ ወደቀ። ሳምንቱን ሙሉ ካልሲየም ካልሲየም ስትል ስለከረመች ነው መሰል፣ ከዚያ ሁሉ እንግሊዝኛ መሃል ዓይኗ ያረፈው እዚያች ቃል ላይ ነው። ከአጠገቧ ደግሞ ወተት ይላል። መድኃኒቱ ከወተት ጋር አይወሰድም፤ ካልሲየሙ ይይዘውና ወደ ደም በደንብ እንዳይገባ ያደርገዋል።

ሥርጉት ክው አለች።

ኪኒኑን የገዛች ዕለት፣ ከግንቡ ሸዋ በር ውጭ ያለው ፋርማሲ ውስጥ ባለሙያው ሲያስረዳት እሷ ቴሌግራም ላይ ነበረች። ከተናገረው ሁሉ ጆሮዋ የገባው «ወተት» የምትለዋ ብቻ ናት። ቤት ገብታ «ምን አለሽ?» ስትባል፣ «ከወተት ጋር ትውሰደው ብሏል» አለችና ዐረፈችው። ይህን የሰሙት ጎረቤታቸው እትዬ ሀቢባ፣ ሶፊ ገጠር የሚኖረው ወንድማቸው የሚልክላቸውን የፍየል ወተት ጠዋት ማታ እያፈሉ ማምጣት ጀመሩ። በለጡ ጨልጣ እስክትጠጣው ከአጠገቧ አይነሱም።

በሩ ተንኳኳ። እትዬ ሀቢባ የጋለውን ኩባያ በሻርፓቸው ጫፍ ይዘው ገቡ።

«ትኩስ ነው አቦ፣ ተቀበዪኝ!»

ሥርጉት ተቀብላ ወደ ማድ ቤት ገባች። ቢደፋስ? ኪኒኑን በውኃ ሰጥታ፣ ነገ ደግሞ «ወተት ይቅር ተባለ» ብትል ማን ያውቅባታል? ኩባያውን ማዘንበል ጀመረች።

«እኔስ ወተቱ አንሷት ይሆናል አልኩ» አሉ እትዬ ሀቢባ ከወዲያኛው ክፍል። «ከነገ ጀምሮ እጥፍ አደርገዋለሁ፣ ኢንሻአላህ።»

ኩባያውን ቀና አደረገችው። ይዛው ተመለሰችና ፊታቸው ቆመች።

«እትዬ ሀቢባ… ወተቱ ከኪኒኑ ጋር መሰጠት አልነበረበትም። መድኃኒቱ በደንብ እንዳይሠራ ያደርገዋል።»

«ያ ረቢ!» እጃቸው አፋቸው ላይ ቀረ። «አራት ቀን ሙሉ ያሳመምኳት እኔ ነኛ?» ዓይናቸው እንባ አቀረረ።

«እርስዎ አይደሉም!» ሥርጉት ተንበርክካ ጉልበታቸውን ያዘች። «ፋርማሲ ነግረውኝ ነበር። ስልኬን ስነካካ አልሰማሁም። ሳልሰማ የሰማሁ መስዬ ዋሸኋችሁ።»

በለጡ ወደ ልጇ ዞረች። ከዚያ ትኩስ መዳፏን ዘርግታ አናቷ ላይ አሳረፈችው።

እትዬ ሀቢባ ዓይናቸውን በሻርፓቸው ጠረጉ። «አሁኑኑ ለፋርማሲው ሰው ደውዪለት። ድምፁን ደግሞ ከፍ አድርጊው፤ እኔም በጆሮዬ ልስማ። ያንቺስ ጆሮ ስልክ ውስጥ ቀርቷል።»

ሥርጉት ፓኮው ላይ ወደተጻፈው የፋርማሲው ቁጥር ደወለች። ባለሙያው ረጋ ብሎ አስረዳት። የማታው ኪኒን በውኃ ይሰጥ፤ ወተቱ ከኪኒኑ ሁለት ሰዓት በኋላ ወይም ስድስት ሰዓት ቀድሞ ይሁን፤ ነገ በጠዋት ክሊኒክ ትሂድና ለሐኪሙ ሁሉም ይነገረው።

«ገባሽ?» አላት።

«አዎ» የሚለው ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ስልኩን ወደ አፏ አስጠጋችው።

«ይቅርታ» አለች። «ከመጀመሪያው ይድገሙልኝ።»